ለክረምት የምርምር ፕሮግራም ለምታመለክቱ የሳይንስ ተማሪዎች

የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ ለክረምት የምርምር ፕሮግራሞች አመልክቼ ተቀባይነት አገኘሁ፤ ክረምቱንም በአንድ የባክቴሪያ ምርምር ቡድን ውስጥ ሠርቼ አሳለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ታናናሾቼ ማመልከቻቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከውጤት ነው፤ «በዚህ አማካይ ውጤት ይቀበሉኛል?» ይላሉ። እርግጥ ዝቅተኛውን ውጤት በግልጽ የሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከዚያ በታች የሆነ ተማሪ ጊዜውን ሌላ ቦታ ቢያውለው ይሻላል። ከዚያ በላይ የሆኑትን ግን ውጤት ብቻውን አይለያቸውም፤ ጥሩ ውጤት ያላቸው አመልካቾች ሞልተዋል። ማመልከቻውን በመጨረሻ የሚያነበው ሰው ብዙውን ጊዜ ተማሪውን ቡድኑ ውስጥ ተቀብሎ ለሁለት ወር ያህል የሚያሠራው ተመራማሪ ነው። ይህ ሰው ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልገው ሙከራው እንደታሰበው አልሄድ ሲል ተማሪው ምን እንደሚያደርግ ነው። ምክሬ በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ከመጻፍ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ ማን ማመልከት እንደሚችል የሚገልጸውን ክፍል ቃል በቃል ማንበብ። አሰልቺ ቢሆንም ብዙ ድካም ያድናል። በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ የሚካሄዱትና «አርኢዩ» በመባል የሚታወቁት ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ከምርምር ጋር ሲያስተዋውቁ ኖረዋል። በየመስኩ ብዙ ስለሆኑ ፍለጋ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚመጡላችሁ እነሱ ናቸው። ከፋውንዴሽኑ ገንዘብ አበል የሚከፈለው ግን ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። «ራይዝ ጀርመኒ» የተባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ፕሮግራም ደግሞ የምትማሩበትን ቦታ ይመለከታል፤ በሰሜን አሜሪካ፣ በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ ዩኒቨርሲቲ መመዝገብን ይጠይቃል። በጄኔቫ አቅራቢያ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ለአባል አገሮችና ለሌሎች አገሮች ተማሪዎች ለየብቻ ማመልከቻ ይከፍታል፤ ነገር ግን ክረምቱ ሲደርስ ቢያንስ የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማጠናቀቅ ግዴታ ነው። የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አንድ ዓመት መጠበቅ አለበት።

ከየትኛውም አገር የሚመጣ ተማሪን የሚቀበሉም አሉ። በጃፓን የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም የምርምር ልምምድ እስከ ስድስት ወር የሚዘልቅ ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ይቀበላል፤ የአውሮፕላን ትኬትም ይሸፍናል። በቪየና አጠገብ የሚገኘው የኦስትሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚቆይ የክረምት ልምምድ አለው። በሳዑዲ ዓረቢያ የሚገኘው ካውስት የተባለው ዩኒቨርሲቲ ጎብኚ ተማሪዎችን ለተወሰኑ ወራት ይቀበላል። የፕላኔቶች ሳይንስ ለሚወድ ሰው በሂዩስተን ያለው የጨረቃና የፕላኔቶች ጥናት ተቋም የ10 ሳምንት ፕሮግራም አለ። ዝርዝሩ በዚህ አያበቃም። ሁኔታዎቹ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየሩ ባለፈው ዓመት የተሳተፈ ጓደኛ የነገራችሁንም ቢሆን ከተቋሙ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

የማመልከቻዎቹ ማብቂያ በብዛት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ክረምቱ ሩቅ መስሎ የሚታይበት ያ ወቅት ዋናው ጊዜ ነው። ስንት ቦታ ማመልከት እንደሚገባ ሁሉም ይጠይቀኛል። እኔ ሃያ ቦታ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከመላክ አምስት ቦታ ለየብቻ የታሰበበት ጽሑፍ መላክን እመርጣለሁ። ሃያውንም ለየብቻ ለመጻፍ ጊዜ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ይበርታ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እዚህ የጠቀስኳቸውን የመሰሉ ፕሮግራሞች ለተማሪው አበል ይከፍላሉ፤ ብዙዎቹም የመኖሪያ ወጪውን ይችላሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አነስተኛ የማመልከቻ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ ያንንም መክፈል ለማይችል ሰው የሚያነሱበት አሠራር ስለሚኖር በትሕትና ጽፎ መጠየቅ ነው። ተቀብለንሃል ካሉ በኋላ «የመሳተፊያ» እያሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁትን ግን ተጠንቀቁ። የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ፤ ምርምር ላይኖራቸው ይችላል።

«የምርምር ልምድ የለኝም» የሚለው ስጋት በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን ገና ሳይጀምሩ ያስቀራቸዋልና። የእነዚህ ፕሮግራሞች ዓላማ ልምድ መስጠት ነው። የኮርስ ሙከራም ቢሆን ከልብ ከሠራችሁት ይበቃል። ቤተ ሙከራ ማግኘት ካልቻላችሁ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ይዛችሁ የምትሠሩት ነገር አለ። ጂንባንክ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ያሉት የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ለማንም ክፍት ናቸው፤ የስሎን ዲጂታል ስካይ ሰርቬይ የሰበሰበው የከዋክብትና የጋላክሲዎች መረጃም እንዲሁ። አንዲት የማውቃት ተማሪ ከጂንባንክ የአንድን ጂን ቅደም ተከተል ከተለያዩ ዝርያዎች አውርዳ፣ አሰላልፋ፣ የዝምድና ዛፍ ሠራች። ዛፉ ላይ አንዱ ዝርያ ከማይመስለው ቦታ ገባ። ለምን እንደገባ ስታጣራ ቅደም ተከተሉ በተቃራኒ አቅጣጫ የተመዘገበ ሆኖ አገኘችው። ማመልከቻዋ ላይ የጻፈችው ይህንኑ ነው። አነስተኛ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የራሷ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጽሑፍ ልግባ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከሚላኩልኝ ረቂቆች አብዛኞቹ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» በሚል ይከፈታሉ። ይህ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም አንባቢው ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ቀን ደጋግሞ አንብቦታል፤ ስለ ጸሐፊውም ምንም አልነገረውም። እኔ የጀመርኩት በአንድ የጄል ፎቶ ነው። በማይክሮባዮሎጂ ኮርስ ከአፈር ያወጣናቸውን ባክቴሪያዎች ማንነት ለማወቅ ባክቴሪያዎች ሁሉ ያላቸውን 16ኤስ የተባለ ጂን ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ አባዝተን፣ የዲኤንኤ ቁራጮችን በርዝመታቸው በሚለየው ጄል ላይ አስኬድን። ናሙናዎቹ ሁሉ 1,500 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ ላይ ጥርት ያለ መስመር ሰጡ። ችግሩ፣ ምንም ዲኤንኤ ያልጨመርንበትና ባዶ መሆን የነበረበት የማነጻጸሪያው ረድፍም እዚያው ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለ መስመር አሳየ። ማነጻጸሪያው ባዶ ካልሆነ የናሙናዎቹ መስመሮች ከየት እንደመጡ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

የሚጠረጠሩት ውሃው፣ ማባዛቱን የሚያስጀምረው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ማለትም ፕራይመሩ፣ እና ዲኤንኤውን የሚያባዛው ኢንዛይም ነበሩ። ታክ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም ብዙውን ጊዜ የሚመረተው በባክቴሪያ ውስጥ ስለሆነ ጥቂት የባክቴሪያ ዲኤንኤ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው፤ 16ኤስ ጂንን ለሚያባዛ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብቀይር መስመሩ ቢጠፋ እንኳን ምክንያቱን አላውቅም። ስለዚህ ውሃውን ብቻ ለውጬ ሌላውን እንዳለ ትቼ ደገምኩት። መስመሩ ጠፋ። ከዚያም ናሙናዎቹን በአዲሱ ውሃ እንደገና ሠራናቸው። በማመልከቻዬ ላይ ይህን በአንድ አንቀጽ አስፍሬ፣ በመጨረሻው ላይ መልስ ያላገኘሁለትን ጥያቄ ጨመርኩ፤ ብክለቱ ከኢንዛይሙ ቢሆን ኖሮ በጣም ጥቂት ዲኤንኤ ያለውን ናሙና እንዴት ማመን ይቻላል? ስለ ትጋቴ፣ ስለ ትዕግሥቴ፣ ስለ «ችግር ፈቺነቴ» አንድም ቃል አልጻፍኩም። አንቀጹን ያነበበ ሰው ራሱ ይፍረድ አልኩ።

የጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል ለምን ይህን ቡድን እንደመረጣችሁ የሚያስረዳው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች «በቡድናችሁ ሥራ እጅግ ተማርኬአለሁ» ብለው ያልፋሉ። የቡድኑን ስም አውጥታችሁ የሌላ ቡድን ስም ብትተኩበት ዓረፍተ ነገሩ የማይናጋ ከሆነ ሰርዙት። በቦታው ቡድኑ ካሳተማቸው ጽሑፎች አንዱን አንብባችሁ የገባችሁንና ያልገባችሁን ጻፉ። ሳይንሳዊ ጽሑፍ ማንበብ መጀመሪያ ላይ ያደክማል። እኔ መጀመሪያ ሥዕሎቹን አያለሁ፤ እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሚያሳይ በራሴ ቋንቋ በአንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጽሑፉን የማነበው። ይህን ስታደርጉ አንድ የማይገባችሁ ነገር ይኖራል፤ ማመልከቻው ላይ የሚገባው ጥያቄ ከዚያ ይወጣል።

አስተናጋጅ ተመራማሪ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማግኘት የሚጠበቅባችሁ ፕሮግራሞችም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚካሄደው፣ በአሜሪካ የሚገኘው የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ የክረምት የምርምር ፕሮግራም «ሰርፍ» እንደዚህ ነው፤ ተማሪው ከተመራማሪው ጋር ተነጋግሮ የራሱን የምርምር ዕቅድ ጽፎ ያቀርባል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚላከው ኢሜይል አጭር ይሁን። እኔ የላክሁት በግርድፉ እንዲህ የሚል ነበር፦ «የተከበሩ ዶክተር፣ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አንቲባዮቲክ ተቋቁመው ስለሚተርፉ ሴሎች ቡድንዎ ያሳተመውን ጽሑፍ አነበብኩ። በሁለተኛው ሥዕል ላይ የተረፉት ሴሎች ዘግይተው ማደግ ይጀምራሉ፤ እነዚህ ሴሎች መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊትም አዝጋሚ ነበሩ ወይስ ያዘገያቸው መድኃኒቱ ነው? በዚህ ክረምት በቡድንዎ ውስጥ ተማሪ የመቀበል ዕቅድ ካለዎት ማመልከት እፈልጋለሁ። የትምህርት ማስረጃዬንና ግለ ታሪኬን አያይዣለሁ።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። መልስ ካልመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ተዉት። ተመራማሪዎችን በቀጥታ ማነጋገር የሚከለክሉ ፕሮግራሞችም ስላሉ መመሪያውን ሳታዩ አትላኩ።

የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ ተማሪዎች በስም ትልቅ የሆነውን መምህር ሲያሳድዱ አያለሁ። ሦስት መቶ ተማሪ ባለበት ክፍል «ኤ» ያገኛችሁበት ፕሮፌሰር ከውጤታችሁ በቀር የሚጽፈው የለውም። እኔ የቤተ ሙከራ ትምህርቱን ያስተማሩኝን መምህር ቢሯቸው ሄጄ፣ «ዶክተር፣ ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ በሚበቃ መጠን ያውቁኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ውጤትሽን ራሳቸው ያዩታል፤ እኔ ስለዚያ ጄል ነው የምጽፈው» አሉኝ። ያን ጊዜ ደብዳቤውና የእኔ ጽሑፍ እርስ በርስ እንደሚደጋገፉ ተረዳሁ፤ እኔ ያልኩትን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ጥያቄው የሚያስፈራ ይመስላል፤ ግን በደንብ የማያውቃችሁ መምህር በትሕትና እንዲያሰናብታችሁ በር ይከፍታል፤ ያም ለሁለታችሁም መልካም ነው።

እሺ ሲሉ ሥራቸውን አቅልሉላቸው። በአንድ ገጽ ላይ የፕሮግራሞቹን ስም፣ የማብቂያ ቀናቸውን በቅደም ተከተል፣ ደብዳቤው የሚላክበትን መንገድ፣ ከእርሳቸው ጋር የሠራችሁትን ሥራና የማመልከቻችሁን ረቂቅ አያይዛችሁ ስጡ። ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑ ሲቃረብ በአክብሮት ማስታወስ ነውር አይደለም፤ መምህራን ብዙ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ የሚያስታውሳቸውንም ያመሰግናሉ።

የተቀረው ወረቀት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ግለ ታሪኩ አንድ ገጽ ይብቃው፤ «ፒሲአር እችላለሁ» ከማለት ምን በፒሲአር እንደሠራችሁ ጻፉ። ኦፊሴላዊውን የትምህርት ማስረጃ ከሬጅስትራር ቀደም ብላችሁ አውጡ፤ የውጤት አሰጣጡ ለውጭ አንባቢ ግልጽ ካልሆነ ማብራሪያው አብሮ ይያያዝ። የእንግሊዝኛ ፈተና የሚጠይቅ ፕሮግራም ካለ የፈተናው ውጤት ለመድረስ ቀናት እንደሚፈጅ አስቡ።

አንዳንዶቹ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። የእኔን ያደረጉት የቡድኑ መሪና አንድ የዶክትሬት ተማሪ ነበሩ። ስለ ራሴ እንድናገር ከጠየቁኝ በኋላ መሪዋ በቀጥታ ወደ ጄሉ ሄዱ፤ «ውሃውን ቀይረሽ መስመሩ ባይጠፋስ ኖሮ?» አሉኝ። ፕራይመሩን፣ ቀጥሎም ኢንዛይሙን በየተራ እንደምቀይር፣ ከኢንዛይሙ ከሆነ ደግሞ ብክለቱ ጥቂት ስለሚሆን የፒሲአር ዑደቶችን ቁጥር ቀንሼ መስመሩ ይጠፋ እንደሆነ እንደማይ ተናገርኩ። «የናሙናውም መስመር አብሮ ቢጠፋ?» ሲሉ «አላውቅም፤ ምናልባት መስመሩን ቆርጬ ቅደም ተከተሉን አስነብባለሁ፤ የየትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ይነግረኛል» አልኳቸው። የዶክትሬት ተማሪው ፈገግ ብሎ እሱም አንድ ጊዜ እንደዚያ ማድረጉን ነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ንግግራችን የሁለት ሠራተኞች ወግ ሆነ። «አላውቅም» ማለት አያሳፍርም፤ ከእሱ ቀጥሎ ግን የምትሞክሩት ነገር ይኑር። እናንተም ጠይቋቸው። በየቀኑ ከማን ጋር እንደምትሠሩ፣ በስንተኛው ሳምንት መረጃ ማግኘት እንደሚጠበቅ፣ መሪው በክረምቱ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይገባችኋል።

ከዚያ የጥበቃ ወራት ይመጣሉ። ካመለከትኩባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ አልተቀበሉኝም፤ ይህም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለው፣ በአሜሪካ የሚገኘው የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ የክረምት ፕሮግራም በየዓመቱ የሚወስደው 20 ገደማ ተማሪ ነው፤ የሚያመለክተው ግን ከየአገሩ ነው። የእምቢታ ደብዳቤ ምክንያት አይናገርም፤ የምትፈልጉት ቡድን በዚያ ክረምት ተማሪ ላይቀበልም ይችላል። የማመልከቻ ጽሑፋችሁን አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከባዶ አትጀምሩም።

እኔ ቦታ ያገኘሁት ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ነው። ተጠባባቂ መሆኔ ሲነገረኝ አሁንም ፍላጎት እንዳለኝ ጠቅሼ በሦስት መስመር መልስ ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ አላስጨነቅኋቸውም። ሌላ ተማሪ ቦታውን ሲለቅ ጥሪው ወደ እኔ መጣ፤ ለመወሰን የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነበር። ሁለት ቦታ ከተቀበሏችሁ የማትሄዱበትን በዚያው ቀን አሳውቁ፤ ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ተማሪ አለ።

ከተጠባባቂነት የሚመጣ ጥሪ የቪዛ ጊዜን ስለሚያጣብብ ፓስፖርታችሁን ከማመልከቻው ጋር አብራችሁ አዘጋጁ፤ የሚያበቃበትን ቀንም እዩ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው የጄ-1 ቪዛ ነው፤ ለዚያም ተቋሙ ዲኤስ-2019 የተባለውን ቅጽ ማውጣት አለበት፤ ቅጹ ሳይደርስ የኤምባሲ ቀጠሮ ዋጋ የለውም። የጋራ ቪዛ በሚሰጡት የአውሮፓ የሼንገን አገሮች ደግሞ የአጭር ጊዜ ቪዛ ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ 12 ሳምንት 84 ቀን ስለሆነ ያስገባል፣ 13 ሳምንት ግን 91 ቀን ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ የሥራ ቀናችሁን ከአስተናጋጁ ጋር ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ቁጥሩ፤ በደብዳቤው ላይ የሚጻፉት ቀናትም ለኤምባሲው ከምታቀርቡት ጋር አንድ ይሁኑ።